መሪውን ለሚቀጥለው ስናስረክብ

(በእንግሊዝ አገር የሚገኝ የአንድ ጉባኤ አባላት በጎ-ካርት የቡድን የጽናት ውድድር ከተካፈሉ በኋላ፣ ከቡድኑ አንዱ ለጉባኤውና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ያደረገው ንግግር)



ከመካከላችሁ አንዳንዶች፣ በተለይም አባቶችና እናቶች፣ «ትልልቅ ሰዎች በልጆች መኪና ላይ ተቀምጠው አራት ሰዓት ሙሉ መዞራቸው ምን የሚሉት ነገር ነው?» ብላችሁ እንደ ጠየቃችሁ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፣ ቀጥሎም በዚያ ዕለት ያከራከረን ጉዳይ ምን እንደ ነበረ፣ በመጨረሻም ምን ይዘን እንደ ተመለስን በአጭሩ ልንገራችሁ።

ጎ-ካርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ ነው። አርት ኢንግልስ የተባለ የእሽቅድምድም መኪና ሠራተኛ ከሉ ቦሬሊ ጋር ሆኖ፣ ከብረት ቱቦ በተበየደ ሻንሲ ላይ የሣር ማጨጃ ሞተር አሰረና አራት ትንንሽ ጎማዎች ገጠመለት። የዛሬውም ካርት ከዚያ ብዙ አልራቀም። የኪራዩ ካርት የሚለወጥ ማርሽ የለውም። ሞላም የለውም፤ በመሆኑም የመንገዱ ጉብታ ሁሉ የሚያርፈው በነጂው ጎድን ላይ ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ የታሰሩ ስለሆኑ ዲፈረንሻል የሚባል ነገር የለም፤ ኩርባ ላይ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ጥቂት ካልተነሣ ካርቱ አልታጠፍም ይላል። ፍሬኑም በአብዛኛው የሚይዘው የኋላውን ዘንግ ብቻ ነው፤ መሪው ተጠምዝዞ ሳለ አጥብቆ የረገጠው ሰው ተሽከርክሮ ፊቱን ወደ መጣበት አዙሮ ይቆማል።

እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ አንድ የምታውቁት ነገር ታገኙበታላችሁ። ብዙዎቹ የኪራይ ካርቶች የሚሠሩት በሆንዳ ጂኤክስ ሞተሮች ነው። ከእነዚህም አንዱ፣ 163 ሲሲ የሆነው፣ በመስክ በውሃ ፓምፕና በአነስተኛ ጄኔሬተር ላይ የሚገኘው ያው ሞተር ነው። እዚያ ውሃ ይስባል፤ እዚህ ሰው ተሸክሞ ይሮጣል። ዘይቱና የአየር ማጣሪያው ካልተጠበቀለት ግን በሁለቱም ስፍራ ያው ነው፤ ይቆማል።

የጽናት ውድድር እንግዲህ እንዲህ ነው። ካርቱ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይሮጣል፤ ነጂዎቹ ግን ይለዋወጣሉ። በተወሰነው ሰዓት ውስጥ ብዙ ዙር የዞረው ቡድን ያሸንፋል። ነጂው በምልክት ይመራል፤ ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ከፊት አደጋ ስላለ ማለፍ ክልክል ነው፤ ሰማያዊው «ከኋላህ ፈጣን መጥቷልና አሳልፈው» ማለት ነው፤ ቀዩ ሲታይ ውድድሩ ይቆማል። በብዙ ውድድሮች ደግሞ ሰውነቱ ቀላል የሆነው ነጂ ከሌሎቹ ጋር እንዲተካከል የእርሳስ ክብደት ይጫንበታል። ቀላል መሆን ብልጫ እንዳይሆን፣ ሸክሙ ለቀላሉ ይጨመራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። እኛ ስድስት ነበርን፤ አራት ሰዓቱን ለስድስት ብናካፍለው ለእያንዳንዳችን 40 ደቂቃ ይደርሳል። ደጋፊዎቻችን ለውሃ ጉድጓዱ ሥራ በየዙሩ የሚታሰብ ስጦታ ለመስጠት ቃል ገብተው ነበር። በጠዋቱ ልምምድ ከመካከላችን ፈጣኑ ወጣት አንዱን ዙር በ60 ሴኮንድ ገደማ ሲጨርስ፣ በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት እትዬ በ62 ጨረሱ። በዚህ ጊዜ ከቡድኑ አንዱ፣ «በክፋት አይደለም የምናገረው፤ ዙር ገንዘብ ነው። የእትዬን ተራ ለፈጣኑ ብንሰጠው አይሻልም?» አለ። እትዬም ራሳቸው፣ «እኔ ልቅር፤ በእኔ ምክንያት ለውሃው የሚሰጠው አይጉደል» አሉ።

ወገኖቼ፣ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለቱም የተናገሩት ለበጎ ነው። ሆኖም በሥራው የሒሳብ ሠራተኛ የሆነው የቡድናችን መሪ እርሳስና ወረቀት አወጣና አሰላ። በ60 ሴኮንድ የሚዞር ሰው በ40 ደቂቃ 40 ዙር ይዞራል። በ62 ሴኮንድ የሚዞረው 38 ዙር ጨርሶ ሠላሳ ዘጠነኛውን ይዟል። ልዩነቱ ከአንድ ዙር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ቀጥሎም፣ «አምስት ጊዜ ሰው እንለውጣለን። በእያንዳንዱ ለውጥ ስንደነባበር 30 ሴኮንድ ብናባክን 150 ሴኮንድ፣ ይኸውም ሁለት ዙር ተኩል ይሆናል። ከእትዬ ተራ ይልቅ የሚያጎድለን የእኛው ግርግር ነው» አለን። ማንም መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ የቀረችውን ጊዜ ያዋልነው በመለዋወጥ ልምምድ ነው። ወንበር መሬት ላይ አስቀመጥን፤ ወራጁ በግራ ይወጣል፣ ገቢው በቀኝ ይገባል፣ ሦስተኛው ክብደቱን ያስተካክላል። ወራጁም ሳይነግር እንዳይሄድ ተስማማን፤ ፍሬኑ እንዴት እንደሚይዝ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ዘይት እንደ ፈሰሰ፣ ከአጠገብ ያለው ቡድን ምን ዐይነት ጠባይ እንዳለው በሁለት ዐረፍተ ነገር ለገቢው ይነግረዋል።

«ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን?» የሚል ቢኖር አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውሰው። በፈረንሳይ አገር በሚካሄደው በለማን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር፣ በቀድሞው ልማድ ነጂዎቹ መንገዱን በሩጫ ተሻግረው ወደ መኪናቸው ይገቡ ነበር። ለመቅደም ሲሉ ብዙዎች የደኅንነት ቀበቶ ሳያስሩ ይነሡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. ጃኪ ኢክስ የተባለው ቤልጅማዊ ይህን ልማድ በመቃወም፣ ሌሎቹ ሲሮጡ እርሱ በእግሩ ቀስ ብሎ ተራመደ፤ ቀበቶውን በሚገባ አሰረና ከሁሉ በኋላ ተነሣ። በዚያው የመጀመሪያ ዙር ጆን ዉልፍ የተባለ እንግሊዛዊ ተጋጭቶ ሞተ፤ ቀበቶውን አላሰረም ነበር። በማግሥቱ፣ 24 ሰዓቱ ሲያልቅ፣ ኢክስና ጓደኛው ጃኪ ኦሊቨር 120 ሜትር ያህል ብቻ ቀድመው አሸነፉ። በሚቀጥለው ዓመት የሩጫው ልማድ ቀረ። አባቶች «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይላሉ፤ ዉልፍ ግን የሚለቅምበት ጊዜ እንኳ አላገኘም።

እንግዲህ እኛም ሜዳው ላይ ወጣን። ፈጣኑ ወንድማችን በተራው እጅግ አማረበት። ነገር ግን ወደ መጨረሻው ክንዱ ዛለ፤ 60 የነበረው 61፣ ኋላም 63 ሆነ። ለእርሱ አይታወቀውም፤ ከመቀመጫው ሲያዩት እንደ ጠዋቱ የሚሮጥ ይመስላል። ሰዓቱን የሚያየው ውጭ የቆመው ሰው ነው። መሪያችን ሰሌዳውን አሳየውና ግባ አለው። ገና ሁለት ቡድን ሊቀድም ተቃርቦ ሳለ ታዝዞ ገባ። በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነበር።

ከእርሱ ቀጥሎ የገቡት እትዬ ናቸው። ሰማያዊ ባንዲራ በታየ ቁጥር መሥመራቸውን ጠብቀው ፈጣኑን እያሳለፉ፣ አንድም ጊዜ ሳይሽከረከሩ 40 ደቂቃቸውን ጨረሱ። ከጎናችን የነበረው ቡድን ፈጣን ሰዎች ነበሩት፤ ነገር ግን ደጋግመው ተሽከረከሩና ጎማ ከተደረደረበት አጥር ጋር ተጋጩ፤ እየተጎተቱ ሲወጡ ዙሩ አለፋቸው። እኛ አላሸነፍንም፤ በመካከል ነው የጨረስነው። እነርሱ ግን ከእኛ በኋላ ነበሩ።

እናንተ በመስክ ላይ ያላችሁ የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ፓምፑን የተከለው ሰው ሲዛወር፣ ማጣሪያው መቼ እንደ ተለወጠ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ሳይነግር ከሄደ፣ የሚቀጥለው ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከዜሮ ነው። የደከመውም ሰው ድካሙ ለራሱ ስለማይታየው፣ ከውጭ ሆኖ ሰዓቱን የሚያይለትና «ግባ» ሲለው የሚሰማው ወንድም ያስፈልገዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ለመካፈል የምታስቡ ጉባኤዎች ካላችሁ ምክሬ ይህ ነው። ሄልሜቱ በልክ ይሁን፤ ሻርፕና ረጅም ፀጉር በዘንጉ እንዳይጠለፍ በሚገባ ይታሰር፤ ነጂ ሁሉ ውሃ ይጠጣ። ሰዓት የሚይዝ ሰው ከነጂዎቹ አስቀድማችሁ ምረጡ። ቡድናችሁንም በልምምድ ሰዓት ብቻ አትምረጡ፤ ሲጠራ የሚገባ፣ ሲወርድ የሚያስረክብ ሰው ይኑርበት። እትዬም ከአሁኑ ለሚመጣው ዓመት ተመዝግበዋል፤ ተራቸውን የሚወስድባቸው እንደማይኖር ተስፋ አደርጋለሁ።