የሥራ ልብስና የቤተ ሰብ ጤና
በካርቲየ ሰባት ለሚኖሩ ሠራተኞች፣ ለእማወራዎችና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተዘጋጀ ንግግር



የጅቡቲ ከተማ ኑሮ በወደቡና በባቡሩ ላይ የተመሠረተ መሆኑ የታወቀ ነው። (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚነገሩት ዓመታት፣ ስለ ኢትዮጵያ አዋጅ ከሚጠቀሰው በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1917 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ብዙ ሰው እንጀራውን የሚያገኘው ዕቃ በመጫንና በማውረድ፣ መኪና በመጠገን፣ ነዳጅ በመቅዳትና በመሳሰለው ሥራ ነው። ዛሬም እህሉ፣ ማዳበሪያውና ሲሚንቶው በዚሁ ወደብ በኩል ያልፋል። ማታ ሠራተኛው ወደ ካርቲየ ሰባት ሲመለስ ግን ደመወዙን ብቻ ይዞ አይገባም፤ የዋለበትን አቧራ፣ ግሪስና ተውሳክም በቱታው ላይ ይዞ ይገባል። ከደጃፍ ሮጦ የሚቀበለው ሕፃንም አስቀድሞ የሚያቅፈው ያንኑ ቱታ ነው።

የሥራ ልብስ የክብር ልብስ ነው፤ ለብሶት የሚሄድም ሰው ሊነቀፍ አይገባውም። በብዙ ሥፍራ ሠራተኛው ቱታውን ለብሶ ወደ ቤቱ የሚሄደው ንጽሕናን ስለሚጠላ ሳይሆን፣ ልብስ የሚለውጥበት ክፍል፣ የሚታጠብበት ውሃና ልብሱን የሚያኖርበት ሣጥን ስለሌለው ነው። ስለዚህም ጉዳዩ የሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የአሠሪውና የሹሙም ጭምር ነው።

በሥራ ልብስ ላይ የሚገኘው እድፍ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሕይወት ያለው ተውሳክ ነው። በ2000 ዓ.ም. ወጥቶ የነበረ አንድ የሆስፒታል ምርመራ እንዳስረዳው፣ ቁስልን የሚያመግሉ አንዳንድ ጀርሞች በጨርቅ ላይ ከአንድ ቀን ጀምሮ እስከ ብዙ ሳምንታት ሳይሞቱ መቆየት ይችላሉ። ይሁን እንጂ እውነቱን ሳያጋንኑ መናገር ይገባል። በ2007 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ጥናቶቹ ሁሉ ተሰብስበው በተመረመሩ ጊዜ፣ የአስታማሚ ልብስ በመንገድ ላይ በሽታ እንደሚያስተላልፍ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰችን አስታማሚ በሚኒባስ ውስጥ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ጥንቃቄው ግን የሚተው አይደለም፤ ምክንያቱም መንገዱ ሁለት ነው። ከሆስፒታል ወደ ቤት የሚመጣ ተውሳክ እንዳለ ሁሉ፣ ከገበያና ከሚኒባስ መቀመጫ ወደ በሽተኛው አልጋ የሚሄድም አለ። የምግብ ቤት ሠራተኛም ሽርጡን ለብሶ ወደ መጸዳጃ ቤት ወይም ወደ ገበያ ወጥቶ ቢመለስ፣ ያንኑ እድፍ ወደ ምግቡ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው እድፍ ሕይወት የሌለው መርዝ ነው፤ በዚህ ረገድ ማስረጃው አያጠራጥርም። በ1965 ዓ.ም. በሎንዶን ኒውሃውስና ቶምሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሳንባ ሽፋንና በሆድ ዕቃ ሽፋን ካንሰር የተያዙ 76 ሰዎችን የኑሮ ታሪክ መረመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 31ዱ ራሳቸው በአስቤስቶስ ሥራ ላይ የነበሩ ነበሩ። ሌሎች 9ኙ ግን ወደ ፋብሪካው ገብተው የሠሩ ሳይሆኑ፣ የአስቤስቶስ ሠራተኛ ባለበት ቤት የኖሩ ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ዘንድ ይበልጡን የተገኘው ታሪክ ሚስት የባልዋን የሥራ ልብስ ታጥብ የነበረ መሆኑ ነው። ልብሱን ስታራግፍ የተነሣውን ብናኝ ስባ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ታመመች።

እርሳስ የተባለው ብረትም እንዲሁ ነው። አሮጌ የመኪና ባትሪ የሚፈታ ሰው የእርሳሱን ብናኝ በልብሱና በጫማው ይዞ ይገባል። ብናኙ በምንጣፉ ላይ ይቀራል፤ የሚድኸው ሕፃን እጁን ወደ አፉ ያደርሳል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ሲሆን፣ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እስከ ዛሬ አልታወቀም። በ1995 ዓ.ም. ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበው ሪፖርት ይህን የመሰለ የቤት ብክለት በ28 አገሮች መታየቱን ገልጿል።

ሕግም በነገሩ ዝም አላለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የአስቤስቶስ ስምምነት፣ የሥራ ልብስ ከሥራው ቦታ ውጭ እንዳይለበስና ወደ ቤት እንዳይወሰድ፣ አጠባውም በአሠሪው ኃላፊነት እንዲሆን፣ ለሠራተኛውም መታጠቢያ እንዲዘጋጅ ተደንግጓል። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ መስጠትን የአሠሪው ግዴታ፣ በአግባቡ መጠቀምን የሠራተኛው ግዴታ አድርጎታል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚቻለው ከባድ አይደለም፤

1ኛ/ ሠራተኛው ቢቻል በሥራው ቦታ፣ ባይቻል ከደጃፍ ልብሱንና ጫማውን ለውጦ፣ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ከዚያ በኋላ ልጆቹን ይቀፍ።

2ኛ/ የሥራው ልብስ ለብቻው በከረጢት ይቀመጥ፤ ለብቻውም ይታጠብ እንጂ ከሕፃናት ልብስና ከአንሶላ ጋር አይቀላቀል። ከመታጠቡም በፊት አይራገፍ፤ ይልቁንም በውሃ ይነከር።

3ኛ/ ተውሳክ ያለበት ልብስ 60 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ 10 ደቂቃ ቢታጠብ አብዛኛው ጀርም ይጠፋል። ነገር ግን ሙቀት ተውሳክን ይገድላል እንጂ እርሳስንና አስቤስቶስን አያጠፋም። እነዚህ ያሉበት ልብስ ወደ ቤት ፈጽሞ መግባት የለበትም።

4ኛ/ ነዳጅ የነካው ልብስ ከምድጃ ይራቅ፤ እሳት ለመያዝ ቅርብ ነውና። ሲሚንቶ የነካውም ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ስለሚያቃጥል ቶሎ ይውለቅ።

በጅቡቲ ሐሩር ልብስ በየቀኑ በላብ የሚርስ ስለሆነ፣ ለአንድ ሠራተኛ አንድ ቱታ ብቻ መስጠት እንዳልሰጡት የሚቆጠር ነው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ሊለበስ ይገባዋል። አንድ የልብስ መለወጫ ክፍል፣ ጥቂት ሣጥኖችና አንድ የውሃ ቧንቧ የሚጠይቁት ወጪ፣ አንድ ሕፃን በእርሳስ ተጎድቶ ከሚያስከትለው ኪሳራ ጋር ሊወዳደር አይችልም። የሥራን ቦታ የሚቆጣጠሩ ሹማምንትም ማሽኑንና መዝገቡን ሲመረምሩ፣ ሠራተኛው ማታ ምን ለብሶ እንደሚወጣ ጭምር ቢመለከቱ ብዙ ቤተ ሰብ ያድናሉ።

አባቶች «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» እንዳሉት፣ ሠራተኛው ለልጆቹ ሲል የደከመበት ልብስ ለልጆቹ የበሽታ ምክንያት እንዳይሆን፣ እያንዳንዱ በየድርሻው ከዛሬ ጀምሮ ይጠንቀቅ።