ለእናት የሚላክ ጠርሙስ፦ በየቀኑ ቫይታሚን መዋጥ ይጠቅማል ወይ?

(ከዉድበሪ፣ ሚኒሶታ በሳተላይት ቴሌቪዥን የቀረበ ሐተታ፤ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ዛሬ ከሰሞኑ የፖለቲካ ወሬ ጥቂት ዞር ብለን በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ አንድ ነገር እንነጋገራለን፤ ስለ ቫይታሚን ጠርሙስ።

የማናግራችሁ ከዉድበሪ ነው። ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ ያለች ከተማ ናት። የምሠራው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። አንድ ወገናችን ወደ አገር ቤት ሊሄድ ሲል አስቀድሞ አውቃለሁ፤ መጥቶ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛላ። «ለእናቴ የሚሆን ጠንካራው ቫይታሚን የትኛው ነው?» ይለኛል። ሻንጣው ውስጥ ከጫማውና ከሽቶው ጋር አራት አምስት ጠርሙስ ይገባል። ይህ ፍቅር ነው፤ በፍቅር አልቀልድም። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁና።

እናቴ ደብረ ብርሃን ነው ያለችው። በስልክ «ልጄ፣ ድካም ድካም ይለኛል» አለችኝ። ወዲያው በሚሄድ ሰው እጅ ቫይታሚን ላክሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ «አሁንም ያው ነው» ስትለኝ ብረት ያለበትን ላክሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ኋላ እህቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ ደሟ ሲታይ ስኳር ሆኖ ተገኘ። ሌሊት ሌሊት ለሽንት መነሳቷን፣ ውሃ ውሃ ማለቷን እኔ በስልክ አልጠየቅሁም፤ እሷም «ልጄን አላስጨንቀውም» ብላ አልነገረችኝም። የላክሁት ኪኒን አልመረዛትም። ነገር ግን ሁለት ዓመት በላብን። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ይህ ነው። ባለሙያ ነኝ የምለው እኔ እንዲህ ካደረግሁ ሌላው ምን ያድርግ?

እስኪ ጥያቄውን በቀጥታ እንየው። አንድ ጤነኛ ሰው፣ ምግቡን በወጉ የሚበላ ሰው፣ በየቀኑ ቫይታሚን ቢውጥ ዕድሜው ይረዝማል? ከልብ በሽታና ከካንሰር ይድናል? (የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካኖች በ2021 ለቫይታሚንና ለመሰል ማሟያዎች ወደ 50 ቢሊዮን ዶላር አውጥተዋል። በ2022 ደግሞ የአገሪቱ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል ማስረጃውን ሁሉ መርምሮ ነበር። የብዙ ቫይታሚን ድብልቅ የልብ በሽታንና ካንሰርን ይከላከላል ለማለትም አይከላከልም ለማለትም በቂ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ስለ ቫይታሚን ኢ እና ስለ ቤታ ካሮቲን ግን ቁርጥ አድርጎ «ለዚህ ዓላማ አትውሰዱ» ብሏል። በ2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የ390,124 ጤነኛ ሰዎችን መረጃ ከሃያ ዓመት በላይ ተከታትለው ውጤቱን አወጡ። በየቀኑ ድብልቅ ቫይታሚን የሚወስዱት ከማይወስዱት ይልቅ ረጅም ዕድሜ አልኖሩም።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውን ወገንም ልንገራችሁ። በ2012 የወጣ ጥናት 14,641 ወንድ ሐኪሞችን ከአሥር ዓመት በላይ ተከታትሎ፣ ድብልቅ ቫይታሚን በወሰዱት ላይ ካንሰር በ8 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል፤ በልብ በሽታ ላይ ግን ለውጥ አላየም። በአረጋውያን የማስታወስ ችሎታ ላይም ትንሽ ጥቅም ያዩ የቅርብ ጥናቶች አሉ። ስለዚህ «ፈጽሞ ከንቱ ነው» አልልም። የምለው፣ ጥቅሙ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው አይደለም ነው።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» የሚል አባባል አለን። ይህ አባባል በቫይታሚን ላይ አይሠራም። በፊንላንድ 29,133 አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት ነበር። ቤታ ካሮቲን ሳንባቸውን ይጠብቃል ተብሎ ታስቦ ነበር። በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን የዋጡት ላይ የሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። ካሮት መብላት ሌላ፣ ከካሮት የወጣውን አንድ ነገር አብዝቶ መዋጥ ሌላ። በቫይታሚን ኢ ላይም እንዲሁ፣ ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ መጨመሩ በ2011 ተገልጿል።

እንግዲህ ጠርሙሱን ሁሉ እንጣለው? አይደለም! የእኛ ሰው ጉዳይ የሚለይባቸው ቦታዎች አሉ፤ ዛሬ ዋናው መልእክቴም እዚህ ላይ ነው። ቫይታሚን ጉድለትን ይሞላል። ጉድለት ካለ ሕይወት ያድናል። አገር ቤት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ ሕይወትንም ዓይንንም ያተርፋል። ስለዚህ ጥያቄው «ቫይታሚን ጥሩ ነው ወይ?» አይደለም፤ «እኔ የሚጎድለኝ የትኛው ነው?» ነው።

አንደኛ፣ ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ሁሉ። እህቶቼ፣ ይህን በደንብ ስሙኝ። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን የፅንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በወጉ እንዲፈጠር ያስፈልጋል። ይህ አፈጣጠር የሚያልቀው ከተፀነሰ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው፤ ያኔ ብዙዋ ሴት እርጉዝ መሆኗን እንኳ አላወቀችም። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በስንዴ ዱቄትና በመሳሰሉት የእህል ምርቶች ላይ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር አስገድዳለች። ዳቦና ፓስታ የሚበላው አሜሪካዊ ሳያውቀው ያገኘዋል። እኛስ? እኛ የምንበላው የጤፍ እንጀራ ነው፤ ጤፉ ላይ ማንም አይጨምርበትም። አገር ቤትም ሕብለ ሰረሰራቸው ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ ነው። መፍትሔው በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ነው፤ ቢያንስ ከመፀነስ አንድ ወር በፊት ይጀመራል። ርካሽ ነው። ወደ አገር ቤት ጠርሙስ መላክ ከፈለጋችሁ ለተሞሸረችው እህታችሁ ይህን ላኩ።

ሁለተኛ፣ ቫይታሚን ዲ። እናቶቻችን ጨቅላውን ጠዋት ፀሐይ ያሞቁታል፤ ትክክል ነው። እዚህ ሚኒሶታ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ፀሐይዋ ብትወጣም ጨረሯ ሰያፍ ስለሆነ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ መሥራት አይችልም። በዚያ ላይ የጠቆረ ቆዳ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ሊሰጠው ይገባል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የሚመክረው ይህንኑ ነው። «ጡቴ ይበቃዋል» አትበሉ፤ የእናት ወተት ሌላው ሁሉ ቢሟላለትም ቫይታሚን ዲ ግን ያንሰዋል። ለአዋቂ እስከ ሰባ ዓመት 600፣ ከዚያ በላይ 800 ዩኒት ይበቃል። ከ4,000 በላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ደግሞም ተአምር አትጠብቁ። ከ25,000 በላይ ሰዎች፣ ከእነዚህም ከ5,000 በላይ ጥቁሮች በተሳተፉበት ጥናት፣ በቀን 2,000 ዩኒት መውሰድ ካንሰርንም የልብ በሽታንም የአጥንት ስብራትንም አልቀነሰም።

ሦስተኛ፣ ቢ12። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ጿሚ ወገኖቼ፣ አትደንግጡ። ጉበት የዓመታት ስንቅ ያስቀምጣል፤ በፍስክ የሚበላ ሰው በጾም ወራት አይጎድልበትም። ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ ጨጓራ ቢ12ን ከምግብ ማውጣት ይቸግረዋል። ለስኳር በሽታ የሚሰጠው ሜትፎርሚንም በረጅም ጊዜ ይቀንሰዋል። ጾሙን አጥብቆ የሚጾም፣ ዕድሜው የገፋ፣ ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ከሆነ ደሙን ያስመርምር። እጅ እግር መደንዘዝና መርሳት የዚህ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

አራተኛ፣ ብረት። «ደም አነሰኝ» ብሎ ብረት መዋጥ የተለመደ ነው። የወር አበባ የሚበዛባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ያስፈልጋታል። ወንድ ልጅ ወይም የወር አበባዋ የቆመ እናት ደም ካነሳቸው ግን መጀመሪያ «ደሙ የት ሄደ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጨጓራ ወይም አንጀት ውስጥ በድብቅ የሚፈስ ደም ሊኖር ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ብረቱ ድካሙን ለጊዜው ያስታግስና በሽታውን ይሸፍነዋል። ደግሞ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያስሩታል፤ ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቁት። ምስሩ ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያ ቢጨመርበት ብረቱ በደንብ ይሰርጻል።

ጠርሙስ ቤት ውስጥ ላላችሁ አንዳንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። የብረት ኪኒን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው፤ ከረሜላ መስሎት ብዙ ከዋጠ ሊሞት ይችላል። ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉበት። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ 1-800-222-1222 ብትደውሉ የመርዝ ማዕከል ሌሊትም ቀንም ይመልሳል። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ቫይታሚን ኬ ያለበትን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ። የእንቅርት ኪኒን የምትወስዱ፣ ካልሲየምና ብረት መድኃኒቱን ያግዱታልና አራት ሰዓት አራርቁ። ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን የደም ምርመራ ውጤት ያሳስታል፤ የልብ ምርመራን ጭምር። እርጉዝ ሴት ቫይታሚን ኤ ያለበትን ሁለት ዓይነት ኪኒን አትደርብ፤ ሲበዛ ፅንሱን ይጎዳል።

ሌላም ነገር። አሜሪካ ውስጥ ስለተሸጠ ብቻ መንግሥት አረጋግጦታል ማለት አይደለም። በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እነዚህ ማሟያዎች እንደ መድኃኒት ቀድመው ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። ስትገዙ የዩኤስፒ ወይም የኤንኤስኤፍ ማኅተም ያለበትን ምረጡ፤ የተጻፈው ነገር በውስጡ መኖሩ በገለልተኛ ወገን ተመርምሯል ማለት ነው።

ወገኖቼ፣ ለማጠቃለል ያህል፦ ጤነኛ ከሆናችሁ፣ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ እንቁላሉን የምትበሉ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን ለፍራፍሬ አውሉት። ከጠቀስኳቸው ወገኖች ከሆናችሁ የሚጎድላችሁን ለይታችሁ ያንኑ ብቻ ውሰዱ። አገር ቤት ያለ ሰው «ደከመኝ» ካላችሁ ደግሞ፣ ከጠርሙሱ በፊት የምርመራውን ገንዘብ ላኩ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ምርመራ ሻንጣ አይፈልግም፤ በዚያው ቀን ይደርሳል። ጥያቄውንም ጨምራችሁ ላኩ፦ «እማዬ፣ ውሃ ይጠማሻል? ሌሊት ትነሻለሽ? ክብደትሽ ቀንሷል?» በሉ። እናት «ደህና ነኝ» ስትል አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትተዉ።

የእኔ እናት ዛሬ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፤ ሜትፎርሚን ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ቢ12 ትመረመራለች። ባለፈው ዝቅ ብሎ ተገኘና፣ አሁን ቫይታሚን እልክላታለሁ። አንድ ጠርሙስ ብቻ፤ ለምን እንደምልከው አውቄ።