ጀሪካኑን ማን ነፋው?

ጧት ደህና የነበረ የቤንዚን ጀሪካን ፀሐይ ላይ ውሎ ቀትር ላይ ሆዱ ተነፍቶ እናገኘዋለን። ክዳኑን ስናላላው እፍ ብሎ ይተነፍሳል። ማን ነፋው?

ፈሳሽ ሁሉ፣ ውሃም ሆነ ቤንዚን፣ እጅግ ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ቅንጣቶቹ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ይራወጣሉ። ፈጣኖቹ ከፈሳሹ ገጽ አምልጠው ተን ይሆናሉ። ዕቃው ከተከደነ ግን ተኑ መውጫ ያጣና ከፊሉ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል ሲሆን፣ ተኑ የዕቃውን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል የተን ግፊት ይባላል። ሙቀት ሲጨምር አምላጮቹ ይበዛሉ። ጀሪካኑን የነፋው በአብዛኛው ይኸው ተን ነው፤ የሞቀው አየርም አግዞታል።

ግፊቱ የሚያድገው በዝግታ እንዳይመስለን። የውሃ የተን ግፊት በ20 ዲግሪ ሙቀት 17.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው፤ በ30 ዲግሪ ወደ 32 ይጠጋል። 10 ዲግሪ ብቻ ጨመረ፣ ግፊቱ ግን እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? በ100 ዲግሪ 760 ይደርሳል። ይህ በባሕር ዳርቻ አየሩ ከሚጫነን ጋር እኩል ስለሆነ ውሃው እዚያ ይፈላል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ደብረ ብርሃን ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የደጋ እናቶች “ባቄላው አልበስል አለ” ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ውሃው ይንተከተካል እንጂ እንደ ቆላው አይግልም።

ወደ ቤንዚኑ እንመለስ። በአንድ ዓይነት ሙቀት የቤንዚን ተን ግፊት ከውሃ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የላምባ ግን ከውሃም ያንሳል። ስለዚህ ላምባ ኩራዝ ውስጥ ረጋ ብሎ ክሩ ላይ ብቻ ይነዳል። አንዳንዶቻችን ላምባ ሲጠፋ ቤንዚን እንጨምርበታለን፤ ወይም አንዱን ባንዱ እንበርዛለን። እንዲህ ያለው ኩራዝ ሲሞቅ ሆዱ በተን ይሞላና ተኑ በክሩ ዳር እየሾለከ ይያያዛል፤ ቤትም ሰውም ያቃጥላል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየሄደ ከራቀ ምድጃ እንኳ እሳት ይስባል።

ያበጠ ጀሪካን ስናገኝ ወደ ጥላ ወስደን እስኪበርድ እንጠብቅ። ከዚያ ደጅ ላይ ክዳኑን ጥቂት ጥቂት እያላላን እናስተንፍሰው፤ ሲጋራ የያዘም ካለ ራቅ ይበልልን።