የመሬት ሽቦና የኒውትራል ነገር በጉለሌ መኖሪያ ቤቶች



ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ግራና ቀኝ ባሉት የጉለሌ ግቢዎች፣ እንጀራ የምትጋግር ሴት በኤሌክትሪክ ምጣዱ አጠገብ ስትቆም ከእግሯ ሥር ደረቅ ጣውላ ወይም የታጠፈ ጆንያ ብታነጥፍ የሚደነቅ ሰው የለም። ምክንያቱን የጠየቀ እንደሆነ የሚያገኘው መልስ አንድ ቃል ነው፤ «ይነዝራል»።

ሶኬቱን ገልብጦ መሰካትም እንዲሁ በየቤቱ የታወቀ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይሠራል። በምጣዱ ሸክላ ውስጥ የተጋደመው ጥቅል ሽቦ የምጣዱን የብረት አካል የሚነካው በአንደኛው ጫፉ አጠገብ ከሆነ፣ ሶኬቱ ሲገለበጥ ያ ጫፍ የፌዝ መሆኑ ይቀርና የኒውትራል ይሆናል፤ ንዝረቱም ይቀንሳል። አደጋው ግን ቦታውን ለወጠ እንጂ አልተወገደም። ማብሪያው በምጣዱ ገመድ ላይ ያለና አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ከግልበጣው በኋላ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ሊሆን ይችላል። በዚያን ጊዜ ምጣዱ ጠፍቶ እየቀዘቀዘ ሳለ ጥቅሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 220 ቮልት እንደ ተሸከመ ይቆያል። ምጣዱ የሚወለወለው ደግሞ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ያውም በእርጥብ ጨርቅ።

የሠፈር ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለዚህ ችግር ሲጠራ «ግራውንድ ያስፈልገዋል» ይላል። አባባሉ ትክክል ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሥራ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ብረት በቆጣሪው ሥር መትከልና በቀጭን ሽቦ ከማደያ ሣጥኑ ጋር ማገናኘት ብቻ ይሆናል። የቤቱ ባለቤት ገንዘቡን ከፍሎ፣ ቤቴ ከአደጋ ተጠበቀ ብሎ ይተኛል። ይህ እምነት ምን ያህል መሠረት እንዳለው በቁጥር መመርመር ይገባል።

ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር የሆነ ካስማ፣ ስፔስፊክ ሬዚስታንሱ 100 ኦም ሜትር በሆነ ዐፈር ውስጥ ሲተከል የመሬት ሬዚስታንሱ በስሌት 60 ኦም ገደማ ይሆናል። በትራንስፎርመሩ ዘንድ ያለው የኒውትራል መሬት 5 ኦም ነው እንበል። አሁን በምጣዱ ውስጥ ፌዙ የብረት አካሉን ነካ። ከረንቱ በካስማው ወደ መሬት ወርዶ በዐፈሩ በኩል ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለሳል፤ መጠኑም 220 ለ65 ሲካፈል 3.4 አምፔር ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚፈጅ ምጣድ በደኅና ቀኑ የሚስበው ከረንት 16 አምፔር መሆኑን ለሚያስታውስ ባለሙያ ነገሩ ግልጽ ነው። ባለ20 አምፔሩ ብሬከር በ3.4 አምፔር አይቆርጥም፤ ምጣዱም መጋገሩን ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የምጣዱ አካል ከመሬት አንጻር 203 ቮልት ይዞ ይቆያል። እጇ በሊጥ የራሰ፣ እግሯ በጭቃ ወለል ላይ የቆመ ሴት ሰውነት 1,000 ኦም ያህል ነው ቢባል፣ የሚያልፍባት ከረንት 200 ሚሊ አምፔር ይደርሳል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ያለው ሁሉ ለልብ የሚያሠጋ ተደርጎ በሚቆጠርበት ሙያ፣ ይህ ቁጥር ማብራሪያ አይሻም።

የጉለሌ መሬት ደግሞ ለካስማ የሚመች አይደለም። ሠፈሩ የተቀመጠው ከእሳተ ገሞራ አለት በተሠራው በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በመሆኑ፣ በብዙ ቦታ ካስማው ገና ሳይጠልቅ ድንጋይ ያገኛል፤ ሠራተኛውም የተረፈውን ብረት በመጋዝ ቆርጦ ይሄዳል። ስፔስፊክ ሬዚስታንሱ 500 ኦም ሜትር በሆነ ደረቅና ድንጋያማ ዐፈር ያው ሙሉ ካስማ እንኳ 300 ኦም ገደማ ይሆናል። ወደ አቃቂ የሚገኘው ዋልካ መሬት እርጥብ ሲሆን ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ እሱም ቢሆን በበጋ ሲሰነጣጠቅ ከብረቱ ይሸሻል። በነሐሴ የተለካ ካስማ በየካቲት ሌላ ካስማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀድሞ ለዚህ ጉድለት የደረሰው የውኃ ቧንቧ ነበር። በመሬት ውስጥ ረጅም መንገድ የሚሄድ የገሊቫናይዝድ ብረት ቧንቧ ከማንኛውም አንድ ካስማ የበለጠ መሬት ነው። የቧንቧው መስመር በፕላስቲክ በተተካበት ቤት ግን ይህ አገልግሎት ማንም ሳያስተውለው ተቋርጧል። ሽቦው ዛሬም በቧንቧው ላይ እንደ ታሰረ ነው፤ ቧንቧው ግን አንድ ሜትር ሳይሄድ ፕላስቲክ ይሆናል። ከዚህ የባሰም አለ። በግቢው ውስጥ የቀረው የብረት ቁራጭ ከምጣዱ አካል ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ምጣዱ ሲበላሽ የጋራው የቦኖ ውኃ ቧንቧ ጭምር ይነዝራል።

እንግዲህ ብሬከርን የሚያስቆርጠው ምንድን ነው? ከብልሽቱ ቦታ ተነሥቶ እስከ ትራንስፎርመሩ ኒውትራል ድረስ ያለማቋረጥ የሚደርስ የብረት መንገድ ነው። የመሬት ሽቦው በቤቱ መግቢያ፣ በዋናው ማደያ ሣጥን ውስጥ፣ ከኒውትራሉ ጋር በአንድ ቦታ ቢታሰርና የዙሩ ሬዚስታንስ 1 ኦም ቢሆን፣ በብልሽት ጊዜ 220 አምፔር ይፈስሳል፤ ዓይነቱ ሲ የሆነ ባለ20 አምፔር ብሬከርም በቅጽበት ይቆርጣል። የአሜሪካው የኤሌክትሪክ ኮድ መሬት ብቻውን የብልሽት ከረንት መመለሻ መንገድ ሆኖ እንዳይቆጠር በግልጽ የሚከለክለው ስለዚህ ነው። በረጅምና ቀጭን መስመር መጨረሻ ላይ ያለ ቤት ዙሩ 3 ኦም ቢደርስ ግን ከረንቱ ወደ 73 አምፔር ይወርዳል፤ ብሬከሩም ለመቁረጥ ሰከንዶች ይፈጅበታል። ለሰው ልብ ሰከንዶች ብዙ ናቸው።

ይህን የሰማ ሠራተኛ ነገ ሄዶ በየሣጥኑ ኒውትራሉንና የመሬት ሽቦውን ቢያስራቸው ግን ከመጀመሪያው የከፋ ጥፋት ይሠራል። ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ኒውትራል በተጠማዘዘና ዝገት በበላው መጋጠሚያ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ አንድ ቀን በነፋስ ይበጠሳል። በዚያች ሰዓት የተለኮሰ ምጣድ ቢኖር፣ የ14 ኦሙ ጥቅል ሽቦ ፌዙን ወደ ኒውትራሉ፣ ኒውትራሉ ደግሞ በእስሩ በኩል ወደ ቤቱ ብረት ሁሉ ያሻግረዋል። ካስማው 60 ኦም በሆነበት ቤት፣ ምንም ያልተበላሸው ማቀዝቀዣና የብረት በር ሳይቀሩ 167 ቮልት ይይዛሉ። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ በእሱ ዓይን የበዛ ከረንት የለምና። ስለሆነም እስሩ የአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ሳያውቅ፣ የኒውትራሉ ጤንነት ሳይረጋገጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ከዋናው ሣጥን በኋላ ባሉት ንዑስ ሣጥኖች ውስጥ መድገሙም ስሕተት ነው፤ የዘወትሩ የኒውትራል ከረንት በመሬት ሽቦውም እንዲመላለስ ያደርጋልና።

በጉለሌ ነገሩን የሚያወሳስበው የግቢው አኗኗር ነው። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ወዲህ በቀበሌ ሥር የገቡት ቤቶች ክፍል በክፍል ተከፋፍለው፣ በአንድ ቆጣሪ ብዙ አባወራ የሚገለገልበት ግቢ ጥቂት አይደለም። ከቆጣሪው ወደየክፍሉ የሚሄደው ሽቦ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው፣ የመሬቱ፣ የለም። ተከራዩ ቤቱ የእኔ አይደለም ይላል፤ አከራዩ አካል መብራቱ የነዋሪው ነው ይላል፤ ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» የሚለው መሥሪያ ቤት ኃላፊነት ደግሞ በቆጣሪው ላይ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ የኤሌክትሪክ ተከላ ስታንዳርድ፣ ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10፣ በዋነኛነት የሚናገረው ለሚነደፍ ሕንፃ ነው። የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት ነዳፊ ስለሌለው፣ ስታንዳርዱን አንብቦ የሚያስፈጽምለትም የለውም። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው።

ለእንዲህ ያለው ግቢ የሚስማማው መሣሪያ በባለሙያዎች ዘንድ አር ሲ ዲ የሚባለው ነው። በፌዙ የሄደው ከረንት በኒውትራሉ ሙሉ በሙሉ መመለሱን ይመዝናል፤ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ይቆርጣል። እዚህ ላይ ያ የተናቀ ካስማ ክብሩን መልሶ ያገኛል። የብረት አካሉ ቮልቴጅ ከ50 እንዳይበልጥ ከተፈለገ፣ 50 ለ0.03 ሲካፈል 1,667 ኦም ይመጣል፤ እርጥበትን አስቦ 25 ቮልት የሚል ጥንቁቅ ባለሙያም ከ800 ኦም በላይ ያገኛል። ብሬከርን ማስቆረጥ ያቃተው የ300 ኦም ካስማ ለአር ሲ ዲ በቂ ነው ማለት ነው። ኒውትራሉን ከመሬት ጋር ማሰርም በዚህ ዘዴ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከአር ሲ ዲው በኋላ መታሰር የለበትም። ሦስተኛው ሽቦ ግን ከካስማው እስከ ምጣዱ አካል የግድ መድረስ አለበት፤ ያለ እሱ አር ሲ ዲው ብልሽቱን የሚያውቀው በሰው አካል ውስጥ ሲያልፍ ነው።

አንድ እንቅፋት አለ። ሸክላና ጀሶ እርጥበት ይመጥጣሉ፤ ለቀናት ሳይለኮስ የከረመ ምጣድ ሲለኮስ ጥቂት ከረንት ወደ አካሉ ያንጠባጥባል፣ አር ሲ ዲውም ቤቱን ሁሉ ያጨልማል። ነገሩ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሠራተኛ ይጠራና መሣሪያውን ያልፈውና ሽቦውን በቀጥታ ያገናኘዋል። ጥፋቱን በሠራተኛው ላይ መጫን ቀላል ነው፤ መብራቱና ምጣዱ በአንድ አር ሲ ዲ ሥር እንዲውሉ ያደረገው መሐንዲስም ድርሻ አለበት። ምጣዱ የራሱ አር ሲ ዲና የራሱ መስመር ቢሰጠው፣ ሲቆርጥ የሚጠፋው ምጣዱ ብቻ ነው፤ ቤተሰቡም የሚያጠራጥረውን ዕቃ ወዲያው ያውቀዋል። በማደያ ሣጥኑ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይም የካስማው ሬዚስታንስ ስንት ኦም እንደ ሆነ፣ በየትኛው ወር እንደ ተለካና የአር ሲ ዲው መፈተሻ ቁልፍ መቼ እንደ ተጫነ በእርሳስ ቢጻፍ፣ ቀጥሎ ክዳኑን የሚከፍተው ሠራተኛ ሥራውን ከግምት አይጀምርም።