የአረጋውያን መዘንጋት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በጎንደር ፒያሳ አንድ አረጋዊ የቤታቸው መንገድ ጠፍቷቸው ቆመው ቢታዩ፥ ልጆች ይሥቁባቸው ይሆናል። እኒያው አረጋዊ ግን መጽሐፍ ሳይገልጡ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያደርሳሉ። ይህ እንደ ምን ይሆናል? በልጅነት ብዙ ጊዜ የተደገመው ሥር ሰዷል፤ የዛሬ ጧቱ ነገር ግን ሥር ሳይዝ ይረግፋል። የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነችው በጎንደር በዓታ ተማሪው ዜማውን ለዓመታት የሚደግመው ስለዚህ ነው። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ባቃጠለ ጊዜ ከብራናው ብዙ ጠፋ፤ በሊቃውንቱ ልብ የነበረውን ግን እሳት አላገኘውም።

ስም ዘንግቶ ቈይቶ ማስታወስ የእርጅና ጠባይ ነው። የኖሩበትን ሰፈር ማጣት፥ የወለዱትን ልጅ አለማወቅ ግን ደዌ ነው፤ እርግማንም አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በ1899 ዓ.ም. የገለጸው ደዌ የአንጎልን ሕዋሳት ቀስ በቀስ ያጠፋል፤ ፈጽሞ የሚያድነው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን የቫይታሚን ጉድለት፥ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፥ ጽኑ ኀዘንም ያዘነጋሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ጠበሉን አልከለክልም፤ ሐኪሙን ግን አታስቀሩ።

መጽሐፈ ሲራክ አእምሮው የደከመን አባት እንድንታገሥ ያዝዛል። ይኸውም ዐሥር ጊዜ ቢጠይቁ ዐሥር ጊዜ መመለስ ነው። «አሁን ነግሬዎት አልነበረምን?» ማለት ያሳፍራቸዋል እንጂ አያስታውሳቸውም። ይልቁንስ ማታ ከአጠገባቸው ተቀምጣችሁ ዳዊቱን ጀምሩላቸው፤ የቀረውን እርሳቸው ይመሩታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።