አሮጌ ላንድሮቨር ከሥሩ ይታያል
(ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ከመኪና ግዥ ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጉባኤ ለቀብር አገልግሎት የሚውል መኪና አፈላልገን እንድናቀርብ ሦስት ሰዎች መርጣችሁ እንደነበር ይታወሳል። እኛም በተጣለብን አደራ መሠረት ዞረን፣ ጠይቀን፣ ከመኪኖቹም ሥር ተኝተን ያየነውን ዛሬ ይዘን ቀርበናል። ውሳኔው የእናንተ ነው፤ የእኛ ፋንታ ያየነውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መናገር ነው።

እንደሚታወቀው ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ባሕር ዳር ኖረው ሲያርፉ የሚቀበሩት ወላጆቻቸው ባረፉበት አጥቢያ ነው። አንዱን ወደ ዘጌ፣ አንዱን ወደ ጢስ ዓባይ፣ ሌላውን ወደ ሐሙሲት ወይም ወደ መርአዊ እንሸኛለን። አስፋልት እስካለ ድረስ ማንኛውም የኪራይ መኪና ያደርሰናል። ችግሩ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ያውም በሐምሌና በነሐሴ። የተከራየነው መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሣጥኑን በትከሻ ተሸክመን፣ እናቶች በዝናብ ቆመው፣ ካህናቱም ጠብቀው ጠብቀው የዋልንበትን ቀን ከመካከላችን የረሳው የለም። ስለሆነም የምንፈልገው አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ሣጥን የሚይዝና ለአቅማችን የሚመጥን መኪና ነው።

ታዲያ አዲስ ወይም ዘመናዊ ፒካፕ ለምን አይገዛም የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው መኪና፣ አሮጌም ቢሆን፣ ዋጋው አይወርድም። በካዝናችን ባለው ገንዘብ ልክ ያገኘናቸው፣ ለሥራውም የሚሆኑት ሁለት ረጃጅም ላንድሮቨሮች ናቸው።

ላንድሮቨርን በዕድሜ የገፋችሁት ሁሉ ታውቁታላችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም፣ ሚሲዮኑም፣ የእርዳታ ድርጅቱም ገጠር የወጣው በእሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1948 በአምስተርዳም ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበረ ቦዲውን ከአሉሚኒየም ሠሩት። ሻንሲው ግን ብረት ነው። የመኪናው ጥንካሬም ድካምም ከዚህ ይመነጫል፤ አሉሚኒየሙ አይዝግምና ላዩ ሃምሳ ዓመት ያምራል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ግን ዝም ብሎ ይበላል። ላዩን አይቶ የገዛ ሰው ውስጡን ለቄስ ብሎ ነው የገዛው።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ነገር ዓይነቱ ነው። ሲሪስ ሁለት ኤ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971፣ ሲሪስ ሦስት የሚባለው ከ1971 እስከ 1985 የተሠራ ነው። በሁለት ኤ ላይ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥን የሚያውቅ ሾፌር ይጠይቃል፤ በሲሪስ ሦስት ላይ ግን አራቱም የፊት ማርሾች በቀላሉ ይገባሉ። ዛሬ ያንን የድሮ አነዳድ የሚያውቅ ሾፌር ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ አትርሱ። በሁለቱም ዘመን አጭርና ረጅም አለ። አጭሩ ለእድር አይሆንም፤ ከኋላው ሰው ይቀመጥበት እንደሆነ እንጂ ሣጥን አይተኛበትም። ረጅሙ የጭነት ቦታው 1 ሜትር ከ85 ሳንቲም ግድም ነው። ሣጥኑ ከዚያ ስለሚበልጥ የኋላ መዝጊያው ተዘርግቶ በሰንሰለት ይያዛል፤ ይህ ነውር የለውም፣ መታሰርያው ጠንካራ ይሁን እንጂ።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ መኪኖች እንምጣ። አንዱ እዚሁ ባሕር ዳር ያለ፣ በቅርቡ አረንጓዴ የተቀባ፣ መቀመጫው የታደሰ ሁለት ኤ ነው። ሌላው ዳንግላ አካባቢ እህል ሲያመላልስ የኖረ ሲሪስ ሦስት ነው፤ ቀለሙ ለቅቆ ዳለቻ ሆኗል፣ ጣሪያው ጎድጉዷል፣ የግራ በሩ በገመድ ነው የሚያዘው፣ ጎማዎቹም አልቀዋል። አረንጓዴው በዋጋ ከዳለቻው በአንድ አራተኛ ይበልጣል። በመጀመሪያው ቀን ከሦስታችን ሁለታችን ልባችን ወደ አረንጓዴው እንደሄደ አንደብቅም።

ከዚያ በኋላ ግን ልብስ ቀይረን፣ ትንሽ መዶሻና ካቻቪቴ ይዘን ከሥር ገባን። የላንድሮቨር ሻንሲ አራት ማዕዘን ሆኖ የተበየደ ክፍት ቱቦ ስለሆነ ዝገት የሚጀምረው ከውስጥ ነው። መዶሻው ሲነካው ጤነኛው ብረት ይጮኻል፤ የተበላው ደግሞ ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። በተለይ መታየት ያለባቸው ባሌስትራው የሚንጠለጠልባቸው ቦታዎች፣ ከኋላ መጨረሻ ላይ ያለው አግዳሚ ብረትና ከሾፌሩ እግር ሥር ያለው ግድግዳ ናቸው። ጭቃ ተጠቅጥቆ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የሚከርመው እዚያ ነውና። ጣና ጨው አልባ ውኃ መሆኑ በጀን እንጂ፣ በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ብዙውን ላንድሮቨር የጨረሰው እሱ ነው።

አረንጓዴው ከሥር በወፍራም ካትራም ተለቅልቋል። ይህ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን መዶሻው በሦስት ቦታ ደንቆሮ ድምፅ ሰጠን። ባለቤቱን አስፈቅደን ስንፍቀው ላሜራ በላሜራ ላይ ተበይዶ፣ በመካከሉ ስቱኮ ተሞልቶ አገኘን፤ አንደኛው የኋላ ባሌስትራ ማንጠልጠያ ላይ ነው። ሰውየውም አልካዱም፤ እሳቸውም እንዲሁ ሆኖ እንደገዙት ነገሩን። ዳለቻው ከሥር ጭቃ እንጂ ቀለም የለበትም። ጭቃውን አራግፈን ስንደበድበው ከዳር እስከ ዳር ጮኸ። የሳሳው የኋላው አግዳሚ ግራ ጫፉ ብቻ ነው፤ ያም ቆርጦ በአዲስ ብረት በአንድ ቀን የሚበየድ ነው።

ይህ ሕግ የላንድሮቨር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች ኤም ጂ ቢ የሚሏት ሁለት ሰው የምትይዝ የስፖርት መኪና ነበረቻቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ተሠርታለች፤ ዛሬም አሮጌዎቹን እያማረጡ የሚገዙ ብዙ ናቸው። እሷ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ጭነቱን የሚሸከመው ከበሮቿ ሥር ያለው የቦዲው ብረት ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ገዢ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ተንበርክኮ የበሩን ሥር ያያል። ሞተር ይቀየራል፣ ይታደሳል፤ የተበላ አጥንት ግን ከመኪናው ዋጋ በላይ ያስወጣል። እነሱ ለደስታቸው ለሚነዷት ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ወንድማችንን ለምናሳፍርበት መጠንቀቃችን አይበዛም።

ሞተራቸውን በተመለከተ ሁለቱም ባለ 2.25 ሊትር ቤንዚን ናቸው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፤ እንዲህ ያለ የድሮ ሞተር ከኃይሉ ከስድስት አንድ ያህሉን እዚህ ያጣል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ነድቶ ደኅና ነው ማለት አይበቃም። ስድስት ሰው ጭነን ሁለቱንም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አወጣናቸው። አረንጓዴው ሰማያዊ ጭስ አወጣ፣ ሁለተኛ ማርሹም ሁለት ጊዜ ራሱን ጣለ። ዳለቻው በዝግታ፣ ግን ሳያቋርጥ ወጣ። ከላይ አቁመን የራዲያተሩን ውኃና የሞተሩን ዘይት አየን፤ ዘይቱ ወተት አልመሰለም፣ ውኃውም አልጎደለም። ዘይት ከታች ያንጠባጥባል፤ ይህ ለላንድሮቨር እንግዳ ነገር አይደለም። የእጅ ፍሬኑንም ዳገት ላይ ሞከርነው። የላንድሮቨር የእጅ ፍሬን ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ስለሚይዝ፣ መኪናው ቆሞ እንጂ እየሄደ አይጎተትም። የእግር ፍሬኑ ግን በዳለቻው ላይ ደካማ ነው፤ ሳይሠራ ሰው አይጫንበትም።

ወረቀትም አየን። የሻንሲው ቁጥር ከፊት በስተቀኝ በብረቱ ላይ ተመትቷል፤ በሁለቱም ከሊብሬው ጋር ይስማማል። የሞተር ቁጥሩ ግን በአረንጓዴው አይገጥምም፤ ሞተር ተቀይሮ አልተመዘገበም። ዳለቻው ቀድሞ የእርዳታ ድርጅት መኪና ስለነበረ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ወረቀት ጠየቅን፤ ባለቤቱ ከሣጥን አውጥተው አሳዩን። ይህን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው የሌላውን ቀረጥ ሊከፍል ይችላል።

አሁን ከአባሎቻችን የሰማነውን ተቃውሞ እናንሣ፤ ቀላል ነገር አይደለምና። አንዲት እናታችን «ዕድሜዬን ሙሉ የከፈልኩት በመጨረሻ እህል በተጫነበት ቆርቆሮ ልሸኝ ነው ወይ?» ብለውናል። እውነታቸውን ነው። የሟች ክብር የእድር ሥራ ነው፤ ለቀስተኛውም፣ አገሩም ያያል። ነገር ግን የመኪና ክብር ሁለት ነው እንላለን፤ አንዱ ማማር፣ ሌላው መድረስ። ማማሩን ከቀለም ቀቢና ከልብስ ሰፊ እንገዛዋለን፣ የሁለቱም ዋጋ የሁለቱን መኪኖች ልዩነት አይሞላም። መድረሱን ግን የምናገኘው ከሻንሲው ነው። ባሌስትራው በጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ቢነቀል አረንጓዴው ቀለም ሣጥኑን አይዝም፤ ከኋላ የተቀመጡትንም ልጆቻችንን አያተርፍም።

ከዚህ በመነሣት ኮሚቴው የሚከተለውን ለጉባኤው ያቀርባል፦

1ኛ/ ዳለቻው ላንድሮቨር እንዲገዛ፤ ገንዘቡም በውልና ማስረጃ ፊት ስም ሲዛወር እንጂ አስቀድሞ እንዳይከፈል።

2ኛ/ ከዋጋው ልዩነት በተረፈው ፍሬኑ፣ አራቱ ጎማዎችና የኋላው አግዳሚ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት እንዲሠሩ፤ አዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ የሚገዛው መለዋወጫም በዝርዝር ተጽፎ በገንዘብ ያዣችን በኩል እንዲመጣ።

3ኛ/ ከዚያ በኋላ በጥቁር ሰማያዊ ተቀብቶ መጋረጃና የሣጥን ማሰሪያ እንዲበጅለት፤ የቀለሙን ነገር እናቶቻችን ይምረጡ።

4ኛ/ አንድ ቋሚ ሾፌር ተመድቦ ጉዞው፣ ቤንዚኑና ዘይቱ በመዝገብ እንዲያዝ። መኪናው ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 ሊትር በላይ ይጠጣልና ከቀብር በቀር ለሠርግም ሆነ ለእህል እንዳይወጣ። የሦስተኛ ወገን መድንና ዓመታዊ ምርመራው እንዳይጓደል።

ባለቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊጠብቁን ቃል ሰጥተዋል። ከመወሰናችሁ በፊት በዓይናችሁ ማየት ለምትፈልጉ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናው እድሩ ግቢ ይቆማል፤ መዶሻውንም እናመጣለን። ለክፉ አይስጠን።