ካቻቢቴን ከብሎን ማስማማት፦ ስለ ኮምፒውተርና ኤሌክትሮኒክስ ጥገና መሣሪያዎች አመራረጥ

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)



የምንገኝበት ክፍለ ከተማ ከስሙ ገሚሱን ያገኘው ከሽቦ አልባ መልእክት ነው። አባቶቻችን ያለ ሽቦ የሚተላለፈውን ቃል «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ስሙም የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ረቂቁ ሞገድ ሳይሆን በእጅ ስለሚያዘው ትንሽ መሣሪያ፣ ስለ ካቻቢቴ ነው። ስሙን ከጣሊያንኛ ወረስነው፤ «ፒንሳ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስሙን የወረስነውን ያህል ግን አመራረጡን አልተማርንም።

ጥፋቴን በመናዘዝ ልጀምር። ተማሪ ሳለሁ ጎፋ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የጥገና ቤት በረዳትነት እሠራ ነበር። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ችግሩ ቀላል ነበር፤ ማራገቢያው በአቧራ ታፍኗል። ከጀርባው ካሉት ብሎኖች አንዱ አልፈታ ሲለኝ፣ ከልኩ ባነሰ ካቻቢቴ አጥብቄ አዞርሁት፤ የብሎኑ መስቀል ተልጦ ጠፋ። ከዚህም ሳልማር በድሪል ሰረሰርሁት። የብረቱ ብናኝ ወደ ዋናው ሰሌዳ ገብቶ ኖሮ፣ ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ሰሌዳው ተቃጠለ። ጽሑፉ በሃርድ ዲስኩ ላይ ስለነበር ተረፈ፤ ልጅቱ ግን የሰው ኮምፒውተር እየለመነች ጨረሰችው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁትን የለቀመችው እርሷ ናት።

ይህ ስለምን ሆነ? ባለ መስቀሉ ብሎን የሚጠራው የፈጠራ መብቱን በ1936 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው አሜሪካዊ በሄንሪ ፊሊፕስ ስም ነው። የመስቀሉ ጎኖች ወደ ታች እየጠበቡ ስለሚሄዱ፣ ጠምዛዥ ኃይል ሲበዛ ካቻቢቴውን ወደ ላይ ገፍተው ያስወጡታል። ስለዚህ አስቀድሞ መጫን፣ ቀጥሎ ማዞር ይገባል፤ ልኩም ትክክል መሆን አለበት። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ሣጥን ብሎኖች ፒኤች 2፣ ለአብዛኞቹ ላፕቶፖች ፒኤች 0 ወይም ፒኤች 1፣ ለስልኮች ፒኤች 000 ያገለግላሉ። ሁለት ልኮች የገቡ ሲመስላችሁ ሁልጊዜ ትልቁን ምረጡ።

መስቀል የሚመስል ሁሉ ግን ፊሊፕስ አይደለም። በጃፓን ካሜራዎችና ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚገኘው፣ ብዙ ጊዜ በአንዲት ነጥብ የሚለየው ብሎን የራሱ መለኪያ አለው። ባለ ስድስት ጫፍ ኮከቡ ቶርክስ ይባላል፤ መሐሉ ላይ ጉጥ ካለበት ጫፉ የተበሳ ካቻቢቴ ይሻል። አፕል በስልኮቹና በላፕቶፖቹ ውጫዊ ክፍል የሚጠቀመው ባለ አምስት ቅጠል ብሎን ደግሞ ለስልኩ ፒ 2፣ ለላፕቶፑ ፒ 5 ይፈልጋል። ለዚህ ተብሎ ያልተሠራ ጫፍ በግድ ማስገባት የእኔን ጥፋት መድገም ነው።

ወደ ግዢው እንምጣ። ከመርካቶ እስከ ጀሞ ባሉ ሱቆች ከመቶ በላይ ጫፎች ያሉት ሣጥን ዓይን ይማርካል። እኔ ግን ቁጥሩን አልመለከትም። ኪሴ ውስጥ ጥቂት ብሎኖችን ይዤ እሄዳለሁ፤ ጫፉን በብሎኑ ላይ አቁሜ ይወዛወዝ እንደሆነ አያለሁ። ብረቱ «ኤስ 2» የሚባለው ከሆነ ከተራው ክሮም ቫናዲየም ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ጽሑፉ ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም። የጫፎቹ መያዣ ስድስት ማዕዘን ሆኖ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ሲያልቅ እርሱን ብቻ መተካት ይቻላል። ጫፉ ማግኔት ቢኖረው የወደቀ ብሎን ያነሣል፤ ለኤስኤስዲ የሚያሰጋ ነገር የለውም።

ከሁሉ በላይ ግን ሕይወት አለ። የፕላስቲክ እጀታ ሁሉ ኤሌክትሪክ አይከላከልም፤ 1000 ቮልት የሚል ምልክት የሌለውን ለቀጥታ መስመር አትጠቀሙ። የእኛ 220 ቮልት በኃይል ማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ ተለውጦ ወደ 310 ቮልት ይጠጋል፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ያን ሣጥን ጀማሪ አይክፈተው። በሌላ በኩል፣ በአዲስ አበባ የበጋ ደረቅ አየር ሰውነታችን የሚያጠራቅመው ኤሌክትሪክ እኛ ሳይሰማን ቺፕ ሊገድል ይችላል። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ያልተቀባ ብረት ንኩ፤ ቢቻል የእጅ አንጓ ማሰሪያ አድርጉ።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ ደንብ ቁጥር 425ን አውጥቷል። ደንቡ ግን ቆሻሻ ከሆነ በኋላ ያለውን ይመለከታል፤ ከዚያ በፊት ያለው የእናንተ እጅ ነው። በልኩ የተፈታ ብሎን ለሚቀጥለው ጠጋኝ ይተርፋል፤ የተላጠው ብሎን ግን ኮምፒውተሩን ወደ ጥራጊ ይገፋል። በዚህች አገር አንድ ላፕቶፕ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወር ቁጠባ መሆኑን አንዘንጋ።

እነሆ፣ ያን የተላጠ ብሎን እስከ ዛሬ በመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ አኑሬዋለሁ። ካቻቢቴ ባነሣሁ ቁጥር አስቀድሜ የማየው እርሱን ነው።